ንዝረቱን ወዴት እንላከው? የባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ክራንክ ሻፍት አመዛዘን



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ጠባብ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር የሆነ አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር ተፈትቶ ሲታደስ ክራንክ ሻፍቱ እንዴት ይመዛዘናል? ይህ ጥያቄ በማሽኖች ቲዎሪ ኮርሳችን ውስጥ አጭር ምዕራፍ ነው። ተማሪው ቀመሩን ይጽፋል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ጋራዥ ውስጥ ግን ይኸው ጥያቄ ዘይት ተቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የተሳሳተ መልስ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚጓዝ ሰው ሐይቅ ከተማን ያልፋል፤ ቀጥሎም ወደ አምባሰል ወረዳና ወደ ውጫሌ ይደርሳል። ከዚህ ዋና መንገድ ተገንጥሎ ወደ ተሁለደሬና ወደ አምባሰል ገጠር ቀበሌዎች ለሚዘልቅ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ ነው። በአገራችን ገጠር ለብዙ ዓመታት ካገለገሉት መካከል ያማሃ ኤጂ 100ና ዲቲ 125ን የመሳሰሉ ባለ ሁለት ምት፣ በጋራዥ ቋንቋ ቱ ስትሮክ የሚባሉ ሞተሮች ይገኙበታል። እነዚህ ሞተሮች አርጅተዋል፤ አዲስ መግዛት ግን ቀላል ስላልሆነ ይታደሳሉ፣ እንደገናም ይታደሳሉ። በአግባቡ ያልታደሰ ሞተር ዳገት መሐል ኩሽኔታው ቢሰበር መንገድ ላይ የሚቀረው ብረቱ ብቻ አይሆንም፤ በኋላው መጫኛ ላይ የታሰረው የክትባት ሣጥንም አብሮ ይቀራል።

በገለጻዬ የጋራዡን ቃላት እጠቀማለሁ። ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ቢዬላ ነው፤ የፒስተኑ ቀለበት ፋሻ፣ ዘንጉን ተሸክሞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ፣ ብረት የሚላግበት ማሽን ቶርኖ ነው። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ ይዞት የመጣው ሞተር ሁሉ ዛሬ የለም፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን አሁንም ይነገራል። ባለሙያው የሚያስብበት ቋንቋ ስለሆነም እኛም ልናከብረው ይገባል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

ሞተሩ ታድሶ ከወጣ በኋላ ባለንብረቱ ተመልሶ «ከበፊቱ ብሶ ይነዝራል» ሲል የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ክራንኩ ባላንስ ይደረግ» የሚል ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ባላንስ በሚለው በዚህ አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠራሉ።

የመጀመሪያው ማቅናት ነው። የእነዚህ ሞተሮች ክራንክ ሻፍት እንደ ብዙዎቹ የመኪና ክራንኮች ከአንድ ብረት የተቀረጸ አይደለም። ሁለት ወፋፍራም የብረት ክቦች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ክብ አንድ ዘንግ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ክቦቹን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው በፕሬስ ተገፍቶ የገባ የክራንክ ፒን ነው። የቢዬላው ትልቅ ራስ ኩሽኔታ ሲያልቅ ፒኑ በፕሬስ ይወጣና አዲሱ ይገባል። እንደገና ሲገጣጠም የግራውና የቀኙ ዘንግ ማእከል በአንድ መስመር ላይ ካልዋለ ክራንኩ ጠማማ ነው። ይህን ወደ መስመሩ መመለስ ማቅናት ነው።

ሁለተኛው ማመዛዘን ነው። ክራንኩ ቀጥ ያለ ቢሆንም እንኳ ፒስተኑ ሲመላለስ የሚፈጠር ጉልበት አለ። ይህን ጉልበት በክቦቹ ላይ በተቀመጠ ማካካሻ ክብደት ማቻቻል ማመዛዘን ይባላል። ጠማማ ክራንክ በማመዛዘን አይቀናም፤ ሚዛኑን ያጣ ክራንክም በማቅናት አይመዛዘንም። ሁለቱ በተለያየ መሣሪያ ይለካሉ፤ ምልክታቸውም የተለያየ ነው። በመጀመሪያ ማመዛዘኑን እንመልከት፤ ወደ ማቅናቱ በኋላ እንመለሳለን።

የሚያናውጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሞተርን የሚያናውጠው በሲሊንደሩ ውስጥ የሚካሄደው የነዳጅ ፍንዳታ ይመስለዋል። ፍንዳታው ፒስተኑን ወደ ታች በገፋበት ጉልበት ልክ ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋል። ቴስታታው ከሲሊንደሩና ከሞተሩ ቤት ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ግፊቶች እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይጣፋሉ። ወደ ሻሲው የሚተላለፈው በክራንኩ ዘንግ ዙሪያ የሚያጣምመው ግፊት እንጂ ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልለው ጉልበት አይደለም። ካንዴላውን አውጥተን ሞተሩን በሌላ ሞተር ብናሽከረክረው፣ ምንም ፍንዳታ ሳይኖር፣ ያው መዝለል ይቀጥላል።

የሚያዘልለው የኢነርሺያ ጉልበት ነው። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ታች ይፈጥናል፣ ታች ሲደርስ እንደገና ይቆማል፣ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ማቆምና ማስነሣት የሚፈጽመው ክራንኩ ነው፤ የክራንኩ ሸክም ደግሞ በኩሽኔታዎቹ በኩል ወደ ሞተሩ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሻሲው ይተላለፋል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የኤጂ 100 ሞተር የሲሊንደር ስፋት 52 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 45.6 ሚሊ ሜትር ነው። የክራንኩ ሬዲየስ የጉዞው ግማሽ፣ ማለትም 22.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለስሌት እንዲመቸን የሚመላለሰው አካል ጠቅላላ መጠነ ቁስ 150 ግራም ነው እንበል። ዋናው ጉልበት መጠነ ቁሱን በሬዲየሱ፣ ውጤቱን ደግሞ በማዕዘናዊ ፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ይገኛል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ጉልበቱ ወደ 337 ኒውተን ይደርሳል። ዙሩን ወደ 6,000 ብናሳድገው ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1,350 ኒውተን ይሆናል። ይህ የአንድ ኩንታል ከ38 ኪሎ ጤፍ ክብደት ነው። በእጅ መዳፍ የምትያዝ 150 ግራም ብረት በሰከንድ 100 ጊዜ ይህን ያህል ክብደት ወደ ላይ፣ 100 ጊዜ ደግሞ ወደ ታች ትወረውራለች ማለት ነው።

በዚህ ላይ ቢዬላው ዘንበል እያለ ስለሚሠራ ከፍጥነቱ በእጥፍ የሚንቀጠቀጥ ሁለተኛ ጉልበት ይጨመራል። ቢዬላው 90 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ይህ ጉልበት የዋናው አንድ አራተኛ ያህል፣ በምሳሌያችን ወደ 340 ኒውተን ነው። በክራንኩ ላይ የሚቀመጥ ማናቸውም ክብደት ከክራንኩ ጋር እኩል ስለሚዞር በእጥፍ ፍጥነት የሚመጣውን ይህን ጉልበት ሊነካው አይችልም። ስለዚህ እሱን እንዳለ ተቀብለን ዋናውን እንከተላለን።

ሙሉ ሚዛን የማይገኝበት ምክንያት

አህያ የሚጭን ሰው የሚዛንን የመጀመሪያ ሕግ ያውቃል። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ በሌላው ወገን ድንጋይ ያክላል፤ አህያዋም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የክራንክ ፒኑና የቢዬላው ትልቅ ራስ በክብ ስለሚዞሩ በዚህ ሕግ ይገዛሉ፤ በተቃራኒው ወገን እኩል ማካካሻ ክብደት ሲደረግ ሙሉ በሙሉ ይጣፋሉ።

ፒስተኑ ግን አይዞርም፤ በአንድ መስመር ላይ ይመላለሳል። የ150 ግራሙን ሙሉ ማካካሻ በክራንኩ ላይ ብናኖር ምን ይሆናል? ፒስተኑ ከላይ ሲሆን ማካካሻው ከታች ነውና ሁለቱ ይጣፋሉ። ክራንኩ ሩብ ዙር ሲዞር ግን የፒስተኑ ዋና ጉልበት ዜሮ ይሆናል፤ ማካካሻው ደግሞ 1,350 ኒውተኑን እንደያዘ ወደ ጎን ይወረወራል። የሚቃወመው የለም። ወደ ላይና ወደ ታች የነበረው መዝለል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ከዚህ የተነሣ መሐንዲሶች የሚያካክሱት የተመላላሹን መጠነ ቁስ ከፊል ነው። ይህ ክፍልፋይ የሚዛን ምጣኔ ይባላል። ምጣኔው 50 በመቶ ሲሆን በምሳሌያችን ወደ ላይና ወደ ታች 675 ኒውተን፣ ወደ ጎንም 675 ኒውተን ይቀራል። የቀረው ጉልበት መጠኑን ሳይለውጥ ከክራንኩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ምጣኔው 60 በመቶ ከሆነ በሲሊንደሩ መስመር 540፣ በአግድሙ 810 ኒውተን ይሆናል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም ያው 1,350 ነው። እንግዲህ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተርን ማመዛዘን ንዝረቱን ወዴት እንደምንልከው መምረጥ ነው። «ባላንስ ከተደረገ በኋላ ምንም አይነዝርም» ብሎ ቃል የሚገባ ባለሙያ ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ምጣኔ ስንት ነው? ብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ምጣኔው የሞተሩ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ሞተሩ የተቀመጠበት ሻሲና የሲሊንደሩ አቀማመጥም ይወስኑታል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር ይጠቀምባቸው የነበሩትን ባለ 500 ሲሲ ሞቶ ጉዚ ሞተሮች አስቡ። ሲሊንደራቸው ወደ ፊት የተጋደመ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 88፣ የፒስተኑ ጉዞ 82 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ቆሞ በሚገኝበት በኤጂ 100 ላይ ምጣኔን መጨመር ንዝረቱን ከቁመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ በተጋደመው ሞተር ላይ ግን ያው ተግባር ንዝረቱን ከፊትና ከኋላ ወደ ቁመት ያመጣዋል። የአንዱን ሞተር ቁጥር ለሌላው መዋስ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ዋናውን ጉልበት በእርግጥ ማጥፋት የሚፈልግ በክራንኩ ፍጥነት ልክ፣ ነገር ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ሌላ ባለ ክብደት ዘንግ ያስፈልገዋል። ተቃራኒ ዘንጎችን ለሞተር ማመዛዘኛ በማዋል ፈር ከቀደዱት አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር ነበር። በኋላ ዘመን ብዙ ሞተር ሳይክሎች ይህን ዘንግ ይዘው ተሠሩ። የእኛ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ይህ ዘንግ የላቸውም፤ ስለዚህ ከምርጫው አያመልጡም።

በአንድ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ልኬት

ለብዙ ሲሊንደር ክራንክ የሚያስፈልገው ውድ የማመዛዘኛ ማሽን ለባለ አንድ ሲሊንደር ክራንክ የግድ አይደለም። ክራንኩ ጠባብ ስለሆነ፣ ሁለቱ ክቦች እኩል እስከተያዙ ድረስ፣ ሳይሽከረከር በሚደረግ ልኬት በቂ ውጤት ይገኛል። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፦ እስከ አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን፣ ሁለት ቀጥ ያሉና ጠርዛቸው የለሰለሰ ጠንካራ የብረት ሐዲዶች፣ ውሃ ልክ፣ እና ጥቂት ትንንሽ ብሎኖችና ወሸሮች። ሚዛኑ ከሌለ ወርቅ ቤት ይገኛል።

በመጀመሪያ የሚመላለሱት አካላት ይመዘናሉ። ፒስተኑ 78 ግራም፣ ፋሻዎቹ 6፣ የፒስተኑ ፒን 20፣ መቆለፊያ ቀለበቶቹ 1፣ በፒኑ ላይ የሚገባው ባለ መርፌ ኩሽኔታ 10 ግራም ይሁኑ። ድምሩ 115 ግራም ነው። ቀጥሎ የቢዬላው ትንሽ ራስ ድርሻ ይለካል። ቢዬላው ከክራንኩ ሳይለይ አግድም ተይዞ ትንሹ ራስ በሚዛኑ ላይ ያርፋል፤ ሚዛኑ 35 ግራም ቢያሳይ የተመላላሹ ጠቅላላ 150 ግራም ይሆናል። ቢዬላው በውሃ ልክ አግድም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካዘነበለ ንባቡ ይሳሳታል።

ከዚያም ሁለቱ ሐዲዶች በውሃ ልክ ተስተካክለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የክራንኩ ዘንጎች በላያቸው ላይ ያርፋሉ፤ ቢዬላው በነፃ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለው የቢዬላ ሙሉ ክብደት በክራንክ ፒኑ ላይ ስለሚያርፍ የሚዞረው ትልቅ ራስም ሆነ የ35 ግራሙ ትንሽ ራስ በሂሳቡ ገብተዋል። አሁን በትንሹ ራስ ቀዳዳ ብሎንና ወሸር እየጨመርን እንሰቅላለን። ክራንኩ በየትኛውም ማዕዘን ብናቆመው ሳይንከባለል ባለበት ሲቀር ሚዛኑን አግኝቷል።

የተሰቀለው ክብደት 40 ግራም ቢሆን፣ 40 እና 35 ሲደመሩ 75 ይሆናሉ፤ 75 ለ150 ሲካፈል 50 በመቶ ነው። የተሰቀለው 52 ግራም ቢሆን ድምሩ 87፣ ምጣኔውም 58 በመቶ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ሥራ ፋብሪካው የመረጠው ምጣኔ በእጃችን ገባ ማለት ነው። ዋናው ምክሬም ይህ ነው፦ ይህ ልኬት ሞተሩ ሲፈታ፣ አሮጌው ፒስተን ገና ሳይጣል ይደረግ። ሞተሩ ከመበላሸቱ በፊት በሰላም ይሠራ ከነበረ ያ ቁጥር በዚያ ሻሲ ላይ የተፈተነ ቁጥር ነው።

ከመብሳት በፊት

ሲሊንደሩ ተፍቆ በኦቨር ሳይዝ ፒስተን ሲተካ አዲሱ ፒስተን ሊከብድ ይችላል። በምሳሌያችን በ10 ግራም ከበደ እንበል። ተመላላሹ 160 ግራም ይሆናል፤ ማካካሻው ያው 75 ግራም ስለሆነ ምጣኔው ከ50 ወደ 47 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ6,000 ዙር በሲሊንደሩ መስመር የሚቀረው ጉልበት ከ675 ወደ 765 ኒውተን ገደማ ከፍ ይላል። ልዩነቱ በእጅ ሊሰማ ይችላል፤ ክራንክ ለመብሳት ግን በቂ ምክንያት አይደለም። አስቀድሞ የሚሞከረው ቀላል የሆነ ፒስተን መምረጥ ነው። በገበያ ላይ በስፋት አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩ ፒስተኖች ስለሚገኙ፣ ሚዛን ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ከትራፓኖ ይረክሳል።

መብሳት የግድ ሲሆን ደግሞ በስሌት ይሁን። ምጣኔው 58 በመቶ ሆኖ የተገኘው ክራንክ በእርግጥ 50 በመቶ መሆን የሚገባው ከሆነ፣ የሚቀነሰው ትርፍ በክራንክ ፒኑ ሬዲየስ ላይ 12 ግራም ነው። ቀዳዳው ከማእከሉ 30 ሚሊ ሜትር ርቆ የሚበሳ ከሆነ 12 በ22.8 ተባዝቶ ለ30 ይካፈላል፤ 9.1 ግራም ይሆናል። የብረት እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ነውና ይህ 1.16 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጠቅላላ ጥልቀቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ለሁለቱ ክቦች እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 7.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ክብ ብቻ መብሳት በሐዲዱ ላይ የተመዛዘነ መስሎ ሲሽከረከር ግን ግራና ቀኝ የሚወላውል ክራንክ ይፈጥራል።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ሌላም ጥንቃቄ አለ። ክራንኩ የሚዞርበት ክፍል ነዳጅና አየሩን ተቀብሎ ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋ ፓምፕ ነው። በክቦቹ ላይ የሚከፈት እያንዳንዱ ቀዳዳ የዚህን ፓምፕ ባዶ ቦታ ያሰፋና ግፊቱን ያዳክማል። ስለዚህ ቀዳዳው በቀላል ነገር፣ ለምሳሌ በአሉሚኒየም፣ ጥብቅ ተደርጎ መደፈን አለበት፤ የድፋኑ ክብደትም በስሌቱ ይግባ። ድፋኑ በሥራ ላይ ተፈንቅሎ ቢወጣ ሞተሩን ይጨርሰዋል። ብረት አንዴ ከተበሳ አይመለስም፤ ሚዛን ላይ የዋለ አንድ ሰዓት ግን ምንም አያጠፋም።

ጠማማው ክራንክ

አሁን ወደ ማቅናቱ እንመለስ። ክራንኩ በሁለት ቪ ቅርጽ ባላቸው መደገፊያዎች ላይ ይቀመጣል፤ የዳያል ጌጅ ጫፍ በዘንጉ ላይ ያርፋል፤ ክራንኩ ቀስ ብሎ ይዞራል። የመርፌው ጠቅላላ ውልውል በአምራቹ ከተፈቀደው መብለጥ የለበትም፤ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያንሳል። በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ክቦቹ በመዳብ ወይም በናስ መዶሻ እየተመቱ፣ በሽብልቅ እየተከፈቱ ወይም በሞርሳ እየተጠበቡ ወደ መስመራቸው ይመለሳሉ። ማቅናቱ ሁልጊዜ ከማመዛዘኑ ይቀድማል፤ ጠማማ ዘንግ በሐዲድ ላይ በትክክል አይንከባለልምና።

ጠማማነት ንዝረትን ምን ያህል ይጨምራል? ውልውሉ 0.1 ሚሊ ሜትር የደረሰ፣ ማለትም ከተፈቀደው ቢያንስ እጥፍ የሆነ ክራንክ እንውሰድ። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክራንክ ማእከሉ በ0.05 ሚሊ ሜትር ቢዛባ በ6,000 ዙር የሚፈጥረው ጉልበት ወደ 59 ኒውተን ነው። ከተመላላሹ 675 ኒውተን ጋር ሲነጻጸር ይህ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም፤ ነጂው ላይሰማው ይችላል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ዋና ኩሽኔታዎች በየዙሩ የተጣመመ ዘንግ ለመሸከም ይገደዳሉ፤ ይሞቃሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ቀድመው ያልቃሉ። የዘይት መከላከያ ጎማው ከንፈር ይበላል፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር በዚያ በኩል አየር ሲገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም ሊነክስ ይችላል። በክራንኩ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ባለ ማግኔት ቮላኖም አብሮ ስለሚወላውል፣ ፕላቲኒ ባለው ሞተር ላይ ብልጭታው ጊዜውን ይስታል።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንለይ። ከዙሩ ጋር እየበረታ የሚመጣ፣ እጅን የሚያደነዝዝ፣ ብሎን የሚያላላ፣ ነገር ግን ድምፅ የሌለው ንዝረት ወደ ሚዛን ይጠቁማል። ጉርምርምታ፣ የኩሽኔታ ሙቀት፣ የዘይት መፍሰስና የብልጭታ መዛባት ወደ ጠማማነት ይጠቁማሉ። ሁለቱንም ከመጠርጠር በፊት ግን የሞተሩ ማሰሪያ ብሎኖችና የሻሲው ብየዳዎች ይታዩ። ከእድሳት በኋላ «ባሰበት» የሚባለው ንዝረት ከአንድ ያልጠበቀ የማሰሪያ ብሎን ሊመጣ ይችላልና።

ከፍታው የሚጨምረው

የሞተሩ መመሪያ ሲጻፍ የአምባሰል ዳገት አልታሰበም። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአምባሰል ወረዳ የሚገኘው የግሸን አምባ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በ2,000 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ 74 በመቶ ያህል ነው። ሞተሩ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ አቅሙም ይቀንሳል።

የኢነርሺያ ጉልበት ግን በአየሩ መሳሳት አይቀንስም። ፒስተኑ ደጋም ይሁን ቆላ ያው 150 ግራም ነው። አቅም ያነሰው ነጂ ዳገቱን ለመውጣት ማርሽ ይቀንሳል፣ ዙሩን ያበዛል። በቆላ በ5,000 ዙር የሚወጣውን ዳገት በደጋ በ6,000 ዙር ቢወጣው የንዝረቱ ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምራል። የሚገፋው አቅም ቀንሶ የሚያናውጠው ጉልበት በዛ ማለት ነው። በዚህ አካባቢ የክራንክ ሥራ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ለዚህ ነው።

አምባሰል የሚለው ስም ብዙዎቻችንን አስቀድሞ የሚያስታውሰን ቅኝቱን ነው፤ ቅኝት ደግሞ ቀሪውን ነጥብ ለመረዳት ይረዳል። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱ ክር ሲመታ ሌላው ያልተነካ ክር ራሱ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ይሆናል። ይህ የሚሆነው የሁለቱ ድግግሞሽ ሲስማማ ነው፤ ሪዞናንስ እንለዋለን። የሞተር ሳይክል ሻሲም እንደ ክሩ የራሱ ድግግሞሽ አለው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ሻሲውን በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታዋል። የሻሲው የራሱ ድግግሞሽ እዚያ አጠገብ ከሆነ ትንሿ ጉልበት ትልቅ ንዝረት ትሆናለች። በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ በርትቶ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም የሚቀንስ ንዝረት የሪዞናንስ ምልክት ነው። ፋብሪካው ምጣኔውን የሚመርጠው ጉልበቱ ሻሲው በቀላሉ በማይንቀጠቀጥበት አቅጣጫ እንዲሄድ ነው። ስለዚህ በቂ ማስረጃ ሳይኖረን የፋብሪካውን ምጣኔ መለወጥ የተቃኘን ክር እንደ መፍታት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለጋራዥ ባለሙያዎች ሦስት ልማዶችን በአክብሮት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሚፈታ ሞተር የአሮጌው ፒስተን ክብደትና የሚዛኑ ምጣኔ የተጻፈበት ካርድ ይኑረው፤ ካርዱም ከሞተሩ ጋር ይቆይ። ሁለተኛ፣ ከመብሳትና ከመዶሻ በፊት ልኬት ይቅደም። ሦስተኛ፣ በደረሰኙ ላይ «ባላንስ» ተብሎ አይጻፍ፤ «ክራንክ ማቅናት፣ ውልውል ይህን ያህል» ወይም «ክራንክ ማመዛዘን፣ ምጣኔ ይህን ያህል» ይባል። ደንበኛው ለምን እንደከፈለ ያውቃል፤ የሚቀጥለውም ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም።

ለተማሪዎቼ የምለው አንድ ነገር ነው። የማዕዘናዊ ፍጥነትን ስኩዌር በወረቀት ላይ በትክክል የሚያሰላ፣ ነገር ግን ፒስተን በሚዛን ላይ አስቀምጦ የማያውቅ መሐንዲስ ትምህርቱን ገና ከግማሽ አላሳለፈም። በተሁለደሬና በአምባሰል የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮችን ምጣኔ፣ የሻሲያቸውን ዓይነትና የነጂዎቻቸውን አስተያየት በአንድ መዝገብ መሰብሰብ ለመመረቂያ ሥራ የሚበቃ፣ መሣሪያውም ከአንድ ከረጢት የማይበልጥ ጥናት ነው። ባለሙያው ከእጁ የሚያውቀውን ያስተምራችኋል፤ እናንተም ቁጥሩን ትሰጡታላችሁ። ለዩኒቨርሲቲውም ቢሆን የሚዛንና የዳያል ጌጅ አጠቃቀምን በአጭር ሥልጠና ለአካባቢው ጋራዦች ማዳረስ ከአቅሙ በላይ አይደለም።

ንዝረቱ ከባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ጋር የተፈጠረ ነው፤ ሞተሩ እስካለ ይኖራል። ወዴት እንደሚሄድ ግን ሰው ይወስናል፤ ውሳኔውም በግራምና በሚሊ ሜትር ተለክቶ የተጻፈ ሲሆን በሐይቅ የታደሰው ሞተር የክትባት ሣጥኑን ይዞ ዳገቱን ይወጣል።